ሌባ የማይነካው ጠረጴዛ

እታገኝ መስቀሏን ያየቻት ጋሪው ግቢ ገብቶ ከቆመ በኋላ ነው። ጠረጴዛው የተሸፈነበት ነጭ አንሶላ በአንድ ወገን ተንሸራቶ፣ ከሥር ካሉት ሁለት መዝጊያዎች አንደኛው ይታያል። በመዝጊያው መሐል መዳፍ የምታህል መስቀል ተቀርጻለች። ጫፎቿ እንደ አበባ የተከፈቱ፣ ሠሪዋን ብዙ ያደከመች፣ የምታምር መስቀል ናት። ሌላ ቦታ ብታገኛት እታገኝ ጎንበስ ብላ በሳመቻት። አሁን ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። ጠረጴዛው የልጇ የጽናት ነው፤ የተሠራውም ሞተር ሳይክል ሊፈታበት፣ ዘይት ሊንጠባጠብበትና በመዶሻ ሊቀጠቀጥበት ነው።

መስቀሏ ብቻዋን ብትሆን ነገሩ በቀላሉ ባለፈ። እታገኝ ሮጣ አንሶላውን ትጎትትና ትሸፍናት ነበር። ችግሩ ከጋሪው ኋላ ያለው ሕዝብ ነው። ጋሪ ነጂው ውባየሁ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በአንድ እጁ የፈረሱን ልጓም ይዞ፣ በሌላው ትልቅ ጃንጥላ በጭነቱ ላይ እንደዘረጋ ትንፍሽ ሳይል ቆሟል። ከእሱ ኋላ የመሐል ሜዳ ገበያ ግማሹ ተከትሎት መጥቷል። በግ ሊሸጥ የወጣው በጉን እየጎተተ፣ ገብስ የሸመተችው ጆንያዋን እንዳዘለች፣ ሁሉም ነጠላውን እያስተካከለ በጠባቧ የግቢ በር ይጋፋል።

«እልልልልል!»

«አንቺ እታገኝ! ለካ እንዲህ ነሽ!» አለች የአጥር ጎረቤቷ ኮከብ፣ ከሁሉ ቀድማ ገብታ አንገቷ ላይ እየተጠመጠመች። «በድብቅ! ለእኔ እንኳን ሳትነግሪኝ!»

«ምኑን?»

«መንበሩን ነዋ! አሁን ደግሞ የማታውቂ ምሰይ!»

ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ታቦቱ የሚቀመጥበትን መንበር ማን ያሠራ የሚለው ጉዳይ ምዕመኑን ሲያጨቃጭቅ ከርሟል። አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋ፣ ሌላው ቀና ብሎ ጣራውን ሲያይ ሰንብቶ፣ ይኸው ዛሬ መንበር የመሰለ ነገር በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ጃንጥላ ተይዞለት፣ በገበያው መሐል አልፎ እታገኝ ቤት ገባ። ሰው ሌላ ምን ይበል?

የከፋው ደግሞ፣ ጨርቁንም ጃንጥላውንም የላከችው ራሷ እታገኝ መሆኗ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሻንጣ ነው። ጽናት ደብረ ብርሃን የመኪናና የሞተር ጥገና ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ጋራዥ ነይ አላት። እሷ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መክተት ስትጀምር እታገኝ በበኩሏ ማሰብ ጀመረች። እታገኝ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳለች፤ ከተማረችው ሁሉ ይበልጥ የምታውቅበት ግን ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ማሰብ ነው። ሚኒባሱ በጉም ውስጥ ገደል ሲገባ ታያት። የከሰል ጭስ የታመቀበት የኪራይ ቤት ታያት። መኪና ከክሪክ ላይ ተንሸራቶ፣ ከሥሩ የጽናት ጫማ ብቻ ብቅ ብሎ ታያት። ይህን ሁሉ አይታ ስታበቃ፣ «ለምን እዚሁ ጋራዥ አትከፍቺም?» አለች።

«የት? ከዶሮዎቹ ጋር?»

ጋራዡ እንኳ አለ። የጽናት አባት አባይነህ ለጭነት መኪናው ለአይሱዙው ብሎ ግቢው ጥግ ላይ በብሎኬት አሠርቶት ነበር። ግንበኛው የመኪናውን ርዝመትና ወርድ ተጠንቅቆ ለካ፤ ቁመቱን ግን ማንም አላሰበውም። አይሱዙው በሩ ላይ ሲደርስ ግንባሩ አላስገባው አለ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ውጭ ያድራል፣ ጋራዡ ውስጥ ገለባና ዶሮዎች ይኖራሉ። አባይነህም የጋራዡ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚጫን ጭነት ትዝ ይለዋል፤ አሁንም መንገድ ላይ ነው።

ጽናት ጋራዡን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አንድ ነገር ካገኘሁ እቀራለሁ» አለች። «ደህና የሥራ ጠረጴዛ፤ ከሥሩ የመሣሪያ ሳጥን ያለው። መሬት ላይ ተንበርክኬ ከገለባ ውስጥ ብሎን እየለቀምኩ አልሠራም። ጠረጴዛው እስከ መጪው ገበያ ከገባ እኖራለሁ። ካልገባ በማግስቱ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ ከዚያ በላይ አይጠብቀኝም።»

እናትና ልጅ ዶሮዎቹን ወደ ጥግ አባረው ጠረጴዛውን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉት። ጽናት ክርኗን አጥፋ ቁመቱን ከራሷ ጋር አስተያየች፤ ጎንበስ ብላ ወገቧ እንዳይታመም፣ ተንጠራርታም ክንዷ እንዳይዝል።

«መስኮቱ ሥር ይሁን» አለች። «ብርሃን ከግራ እንዲመጣልኝ።»

«መስኮት ሥር? ዕቃሽ ከውጭ ይታያል። የታየ ዕቃ ደግሞ የተሰረቀ በይው።»

«መጋረጃ አድርጊለታ።»

«መጋረጃ ይቃጠላል። ቤንዚን አይደል የምትነኪው?»

ጽናት ሳቋን ዋጥ አድርጋ መስመሯን ቀጠለች። «ከላይ ወፍራም ሳንቃ። እዚህ ጥግ ላይ ሞርሳ ይታሰርበታል፤ ብረቱን ነክሶ የሚይዝልኝ። ከሥር ሦስት መሳቢያ፤ ከላይ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ መሐል ላይ የብሎን ቁልፎቹ፣ ከታች ከባድ ከባዱ።»

«መሳቢያው ወጥቶ እግርሽ ላይ ቢወድቅስ?»

«ለዚህ ነዋ ከባዱን ከታች ያደረግሁት።»

«ከታች ያለውም ይወድቃል።»

«ከታች ያለው ወዴት ይወድቃል፣ እማዬ?»

እታገኝ ግን አላመነችም። አንዷ ዶሮ መጥታ ከጠመኔው ሣጥን መሐል ገብታ ተኛች፤ እታገኝ ይህንንም እንደ ምልክት አየችው።

አናጺውንም ቢሆን የመረጠችው በፍርሃት ነው። ሌሎቹ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሰንጥቀው ይሠራሉ፤ አልጋቸው ክረምት ላይ ይጣመማል፣ በራቸው በጋ ላይ ይሰነጠቃል። የመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ሥራ ግን በየደብሩ ንቅንቅ ሳይል ቆሟል። ብቻ እሳቸው ከመንበርና ከአትሮንስ በቀር ሌላ መሥራት ከተዉ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

«የሞተር ጠረጴዛ?» አሉ ጺማቸውን እየዳበሱ። «እጄ የለመደው ሌላ ነው፣ ልጄ።»

«ሣጥን እኮ ነው አባቴ፤ ከላዩ ሳንቃ ያለው።»

የልጇን ንድፍ አንድም ሳታስቀር አስረዳቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ ጽናት እንዳልተከተለቻት አየችና የራሷን ጨመረች። መሳቢያዎቹ እንዳይታዩ ከፊታቸው ሁለት መዝጊያ ይደረግላቸው፤ አይጥ አለ። እግሮቹ ክፍት አይሁኑ፣ እስከ ታች ሳንቃ ይልበሱ፤ ዶሮ ይገባል። የላዩ ዙሪያ ክፈፍ ይኑረው፤ ብሎን ተስፈንጥሮ ዓይን ቢያጠፋስ? ከሥሩ ደግሞ ከፍ የሚያደርገው ነገር ይግባለት፤ የክረምት ጎርፍ ቢመጣስ?

«ደረጃ ቢጤ?»

«አዎ፣ ደረጃ ቢጤ።»

መሪጌታ ፈገግ ያሉ መሰላት፤ ጺማቸው ስለሸፈነው ግን እርግጠኛ አልሆነችም።

«ሌባውስ፣ መሪጌታ?» አለች በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቁልፍ እንደሆነ ይሰበራል። ሌባ የማይነካው አድርገው ይሥሩልኝ።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አሉ።

እታገኝ በዕድሜዋ አንድን ነገር ለሰው የተወችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ውባየሁን ከነጋሪው ስትልክ ለመንገድ የሚሆነውን ሁሉ ሰጠችው። ዝናብ ቢመጣ እንጨቱ ውሃ እንዳይጠጣ የራሷን ነጭ አንሶላ፣ በረዶ ቢጥል የአባይነህን ትልቅ ጃንጥላ። «ፈረሱን እንዳታስሮጠው» አለችው። «ምን እንደጫንክም ለማንም እንዳትናገር። የመሣሪያ ሳጥን ነው ብትል ሌባ ከኋላህ ይከተላል። ቢጠይቁህ ዝም!»

ውባየሁ የታዘዘውን አደረገ። ቀስ ብሎ መጣ። ጃንጥላውን ዘርግቶ መጣ። «ምንድን ነው የጫንከው?» ሲሉት ዝም ብሎ መጣ። ገበያው ጋ ሲደርስ ነፋስ የአንሶላውን ጫፍ ገለጠው፣ አንዲት ሴት መስቀሏን አየችና እልል አለች። የቀረው በራሱ ጊዜ ሄደ።

«ባርኔጣህን ምን አስወለቀህ?» አለችው አሁን እታገኝ፣ ወደ ጋሪው ተጠግታ ጥርሷን ሳትከፍት። «እሱን እኔ አላልኩህም!»

«ሰው ሁሉ አውልቆ እኔ ብቻዬን ለብሼ ልሂድ፣ እትዬ?» አለ ውባየሁ በሹክሹክታ። «እንዲያውም ምን እንደጫንኩ አሁን ለራሴም አጠራጥሮኛል።»

በዚህ መሐል ወንዶቹ ጭነቱን አውርደው አንሶላውን ገፈፉት። ሁሉም እኩል ማውራት ጀመረ።

«ቁመቱ ግን አላጠረም?»

«ቄሶቹ እንዳይንጠራሩ ነዋ። አስባበት ነው።»

«ወርዱስ? የአልጋ ያህል ሰፋ እኮ።»

«ሲሰፋ ነው ግርማ የሚኖረው፤ ዝም ብለህ እይ!»

«ደረጃውን ተመልከቱልኝ! ክፈፉን ተመልከቱልኝ!»

አንድ በግ የያዘ ሰው በጉን ለጎረቤቱ አስይዞ መዝጊያውን በጥንቃቄ ከፈተው። «ውስጡ መሳቢያ አለው!» አለ። «ሦስት መሳቢያ!»

«ሦስት? ለምን ሦስት?»

«ለምን ትላለህ እንዴ?» አለችው ኮከብ በቁጣ። «ሥላሴ ነዋ!»

«እልልልልል!»

እታገኝ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ቁልፎች፣ መዶሻ እያለች በሆዷ መሳቢያዎቹን ቆጠረች። ቆጥራ ሳትጨርስ የአንድ ሰው ጉልበት መሬት ነካ። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚኖሩት አሮጊት መነኩሴ፣ በሰው መሐል እየተገፉ ገብተው፣ መቋሚያቸውን አስደግፈው፣ በሁለት ጉልበታቸው ተደፍተው ሰገዱ። ቀና ብለውም የጠረጴዛውን ጠርዝ ሳሙት፤ ሞርሳው የሚታሰርበትን ጥግ።

«ይህን ሳያሳየኝ እንዳይወስደኝ ስለምነው ነበር» አሉ። «የእጅሽን ዋጋ ይክፈልሽ፣ ልጄ። ዘርሽን ይባርክ።»

ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ የእታገኝን ትከሻ ሳሙ። እውነቱን ለመናገር ምስጋናው አልከፋትም። ሰው «እታገኝ እንዲህ ናት» ሲል የምትሰማው አብዛኛውን ጊዜ ያልመጣ ዝናብ ስትፈራ ነበር፤ እንዲህ በእልልታ ሲነሣ ስሟ ለራሷም አዲስ ሆነባት። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ምናልባት እኮ ሳላውቀው አሠርቼው ይሆናል አለች በልቧ።

ያን ጊዜ ጽናት ከጋራዡ ወጣች። ለጠረጴዛው ቦታ ልታዘጋጅ ገለባ ስታወጣ ነው የዋለችው፤ ቱታዋ አቧራ ለብሷል፣ ፀጉሯ ላይ ጭድ ተሰክቷል። ሕዝቡን አየች። እማሆይን አየች። ጠረጴዛዋን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እማዬ፣ ጠረጴዛዬ መነኮሰች እንዴ?»

«ዝም በይ! ሰው ይሰማል!»

«ይስማ እንጂ። ንገሪያቸዋ።»

«ምን ብዬ?»

«ጠረጴዛ ነው ብለሽ ነዋ።»

«እማሆይ ሰግደውለት? ይወግሩኛል! ቤታችንን ያፈርሱታል! አባትሽ ሲመለስ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያገኘው!»

ጽናት ልትስቅ አለችና የእናቷን ፊት አይታ ተወችው። በዚያው ቅጽበት ኮከብ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ቄሰ ገበዙን የሚጠራ ሰው ልኬያለሁ!» አለች። «ግን ምን እስኪመጡ እንጠብቃለን? ከዶሮ ጋር አያድርም! ወንዶች፣ ተሸከሙትና ቤተ ክርስቲያን እናድርሰው!»

«እውነቷን ነው! ያዝ በዚያ በኩል!»

ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ጽናት እጇን ከአፏ ላይ አወረደች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል አልቀረም።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ። «ቤተ ክርስቲያን የገባ ነገር አይወጣም። እኔም ሻንጣዬን አልፈታሁም።»

እጆቿን ቱታ ኪሷ ከታ ቆመች።

ጠረጴዛው ከመሬት ተነሣ። መሳቢያዎቹ ውስጥ ለውስጥ ተንኳኩ። እታገኝ ጠረጴዛው በግቢው በር ሲወጣ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ በዚያው በር ሻንጣው ሲወጣ ታያት። ከዚያም ገደሉ፣ ጉሙ፣ ከሰሉ፣ ክሪኩ። በሌላ ወገን ደግሞ ድንጋይ የያዘ ሕዝብ። ከሁለት ክፉ ነገር የባሰው የትኛው እንደሆነ ለመለየት እታገኝ ጊዜ አይወስድባትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለማመደው ኖራለች።

«ሞርሳ ይታሰርበታል!» ብላ ጮኸች።

ወንዶቹ ጠረጴዛውን በአየር ላይ እንደያዙት ቆሙ። እልልታው ተቋረጠ። ከበጎቹ አንዱ ብቻ ባ አለ።

«ሞርሳ?» አሉ እማሆይ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። «የየትኛው ገዳም ጻድቅ ናቸው?»

«ጻድቅ አይደሉም እማሆይ! ብረት ነው! ብረት ነክሶ የሚይዝ ብረት!» እታገኝ አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም። «መንበር አይደለም፤ ጠረጴዛ ነው። የጽናት የሞተር መሥሪያ ነው። መሳቢያዎቹም የፒንሳ፣ የቁልፍና የመዶሻ ናቸው። አንሶላው የአልጋዬ ነው፤ ዝናብ ፈርቼ ነው። ጃንጥላው ለበረዶ ነው። ደረጃው ለጎርፍ ነው። ውባየሁንም ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌባ ፈርቼ። መስቀሏን ግን እኔ አላዘዝኩም፤ ከየት እንደመጣች አላውቅም። በቃ፤ እንግዲህ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ!»

ዓይኗን ጨፈነች። ድንጋዩን ጠበቀች። የመጀመሪያው ከኮከብ በኩል እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበረች።

የሰማችው ግን ከበሩ በኩል የብረት መንገጫገጭና የሚያለከልክ ትንፋሽ ነው። ዓይኗን ስትገልጥ ቄሰ ገበዝ ቴዎፍሎስ ልጃቸው የገዛላቸውን ሞተር ሳይክል እየገፉ ሲገቡ አየች። ጥምጥማቸው ወደ ጆሯቸው አዘንብሏል፤ ላብ በላብ ሆነዋል።

«መንበር መጣ ብላችሁ አስጠርታችሁኝ፣ ይቺ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አለችብኝ» አሉ። «ለመሆኑ እኛ ያላዘዝነውን መንበር ማነው ያሠራው?»

ወንዶቹ ጠረጴዛውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት፤ እንዳልያዙት ሁሉ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ። ከሕዝቡ ኋላ አንድ ጉሮሮ ጠረግ የሚያደርግ ተሰማ። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። ከገበያው ጀምሮ ከሁሉ ኋላ እየተከተሉ፣ አንዱም ነገር ሳያመልጣቸው ሲያዩ ቆይተዋል።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ። «ጸሎት አልደረሰበትም፣ ሜሮን አልነካውም። እንጨት ነው።»

«መስቀሏስ?»

«ይህች ልጅ ሌባ የማይነካው አድርገው ይሥሩልኝ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሣጥን ስሠራ ሌባ አይቶ እጁን ሲሰበስብ ያየሁት በመስቀል ብቻ ነው።» ጺማቸውን ዳበሱ። «እንደምታዩት ደግሞ፣ እንኳን ሌባ ባለቤቶቹም መንካት ፈሩ።»

ቄሰ ገበዙ ጠረጴዛውን አዩ፣ አንሶላውን አዩ፣ ባርኔጣውን አሁንም በብብቱ የያዘውን ውባየሁን አዩ። ፊታቸውን አኮሳተሩ። እታገኝ ይህ የውግዘት ፊት ነው ብላ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ እጇን ሰነዘረች። ከዚያ የቄሰ ገበዙ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጥምጥማቸው ይበልጥ አዘነበለ፤ ሳቃቸው እንደ ሳል ፈነዳ። በጉን ያስያዘው ሰውም ሳቀ። ግቢው በሙሉ በሳቅ ተናጋ።

ኮከብ ብቻ አልሳቀችም። «ሥላሴ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» እያሉ ከበዋታል።

«እኔ ምን ላድርግ!» አለች። «ፒንሳ የሚያስቀምጥ ሰው መዝጊያ ምን ያደርግለታል! ይልቅ እማሆይ፣ የእርስዎ ስግደት እንዴት ሊሆን ነው?»

እማሆይ መቋሚያቸውን አንሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። «የእኔን ስግደት የሚቀበለው ተቀብሎታል፤ የሰገድኩት ለእሱ ነው። አንቺ እልልታሽን ለማን እንዳደረግሽው አስቢበት።»

«ቀልዱ ይብቃ» አሉ ቄሰ ገበዙ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መስቀል ባለበት ላይ ዘይት አይፈስም፣ ከፊቱም መዶሻ አይወረወርም። አንድ ነገር መደረግ አለበት።»

«በመላጊያ ይላጓት» አለ አንዱ።

«መስቀል በመላጊያ?» መሪጌታ ተቆጡ። «ይህ እጅ? አልሰማሁህም!»

«መዝጊያው ይነቀልና ቤተ ክርስቲያን ይግባ።»

«ታዲያ ሳጥኑ ያለ መዝጊያ ሊያድር ነው?» አለች እታገኝ፤ አሁን ደግሞ ሌባው መጣባት።

ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ምን ያጨቃጭቃል? መዝጊያው ይዙር። መስቀሏ ወደ ውስጥ ትሁን፤ ከዘይቱም ከመዶሻውም ትከለል። ሌባም ቢሆን ከውጭ ሲያያት ዞሮ ይሄዳል እንጂ አይማርም። ከፍቶ እጁን ሲሰድ ፊት ለፊት ትግጠመው!»

ቄሰ ገበዙ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሪጌታም ማጠፊያዎቹን ፈተው፣ ሁለቱን መዝጊያዎች አገላብጠው መልሰው ገጠሙ። ወንዶቹ ያንኑ ጠረጴዛ ተሸክመው፣ በዚህኛው ጊዜ ያለ እልልታ፣ ጋራዡ ውስጥ መስኮቱ ሥር፣ ልክ በጠመኔው ምልክት ላይ አስቀመጡት። ጽናት ሞርሳዋን በአራት ብሎን አሰረችው። ከዚያ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞራ፣ «አባ፣ ሞተሩን ልየው?» አለች።

«ጠረጴዛው ከተሰገደለት አይቀር ይሞከር እስኪ።»

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታ አወጣችው፤ በጥላሸት ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በብረት ብሩሽ አጸዳችው፣ አፉን በፒንሳ አስተካከለችው፣ መልሳ አሰረችው። ሞተሩ መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጮኸ። ዶሮዎቹ በሙሉ በመስኮት ወጡ። ኮከብ ልማድ ሆኖባት አፏን ለእልልታ ከፍታ፣ ሰው ሁሉ ሲያያት በነጠላዋ ሸፈነችው።

ቄሰ ገበዙ ሊሄዱ ሲሉ ወደ እታገኝ ጎንበስ አሉ። «እልልታውን ግን በልተሽዋል። እውነተኛው መንበር ሲሠራ የመሪጌታን ምሳ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ።»

«ምግቡ ባይስማማቸውስ?» አለች እታገኝ።

ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲበረታ ሕዝቡ ተበተነ። እታገኝ አንሶላዋን አጣጥፋ ወደ ቤት ስትገባ ጽናት ከቤት ስትወጣ ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙ። ጽናት ሻንጣዋን በሁለት እጇ ተሸክማለች።

አንሶላው ከእታገኝ እጅ ወደቀ። «ወዴት ነው?» አለች። «ይኸው ተናገርኩ አይደል? በሕዝብ ፊት ተዋረድኩ አይደል?»

ጽናት ወደ ጋራዡ አለፈች። እናቷ እየሮጠች ተከተለቻት። ሻንጣው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ልብስ የማያወጣው ድምፅ አወጣ። ጽናት ከፈተችው፤ ውስጡ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻና ክሪክ ነው።

«ልብሴንማ ቁም ሳጥን መለስኩት» አለች። «የመሣሪያው ጆንያ ተቀዶብኝ ነው።»

«ነይና ልምታሽ!» አለች እታገኝ፤ ግን ሳትመታት ቁልፎቹን እያቀበለቻት አብረው መሳቢያዎቹን ሞሉ። ከባድ ከባዱን ከታች አደረጉት። እታገኝ የታችኛውን መሳቢያ ሳብ መለስ እያደረገች ይወድቅ እንደሆነ ሞከረችው፤ አልወደቀም። ባዶውን ሻንጣ ጽናት ገለባ ጎዝጉዛ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ቤቷን የተቀማችው ዶሮ በመስኮቱ ተመልሳ፣ ዙሪያውን አይታ፣ ገብታ ተኛችበት።

ወጡ። ጽናት የብረት በሩን ገጥማ ጓጉንቸሩን አንጠለጠለች።

«ቆይ» አለች እታገኝ። «መስኮቱስ?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ቤንዚኑ?»

«ውጭ ነው፣ ከድንጋዩ ሥር።»

«ዶሮዋ?»

«ሻንጣዋ ውስጥ።»

«መስቀሏስ?»

«ወደ ውስጥ። ፒንሳዎቼን እየጠበቀች።»

እታገኝ የቀረ ክፉ ነገር ፈለገች። ብዙ ፈለገች። «ቁልፉ ቢጠፋስ?»

ጽናት ቁልፉን በክር አስራ ከማተቧ ጎን አንገቷ ላይ አጠለቀችው። «አንገቴ እዚህ እስካለ እዚህ ነው» አለች፤ ጓጉንቸሩንም ገፋችው። ቀጭ አለ። እታገኝ ልትሞክረው እጇን ስትዘረጋ ጽናት ቀደመቻትና ራሷ ጎተት አደረገችው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም።